ፒካፑ የካምፒንግ ቤቱን ይችለዋል? ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በሰበታም ሆነ በለገጣፎ ጎበዝ በያጅ አይጠፋም። አልጋና ኩሽና ያለው፣ ፒካፕ ላይ የሚቀመጥ ቤት ብታዙት አሳምሮ ይሠራላችኋል። ጣጣው የሚመጣው ቤቱ ተጭኖ፣ ውሃው ተሞልቶ፣ ቤተሰቡ ተሳፍሮ መንገድ ሲጀመር ነው። መኪናው ከአቅሙ በላይ ሲጫን ምልክት ይሰጣል። ምልክቱን ቶሎ ማወቅ ነፍስ ያድናል።

የፊቱ ይነሳል፣ መሪው ይቀላል

ማታ ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ መብራት እያጠፋ እያበራ ያስጠነቅቃችኋል። ረዥሙን ስላበራችሁ አይደለም። የመኪናችሁ አፍንጫ ወደ ላይ ስለተነሳ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ መሪው ሲዞር የፊት ጎማው ቶሎ አይታዘዝም።

መንስኤው የቤቱ ክብደት መሃል ከኋላ አክስል (የኋላ ጎማዎቹን ከያዘው ዘንግ) አልፎ ማረፉ ነው። የደብል ጋቢና ሃይሉክስ ካሶኒ (ዕቃ የሚጫንበት ሳጥን) ርዝመቱ 1.5 ሜትር አካባቢ ነው። 2.4 ሜትር ቤት ሲጫንበት ትርፉ ወደ ኋላ ይንጠለጠላል። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል ያለው ርቀት 3.085 ሜትር ነው። 600 ኪሎ የሚመዝን ቤት የክብደቱ መሃል ከኋላ አክስል በ50 ሳንቲ ሜትር ቢያልፍ፣ ከፊት ጎማዎች ላይ ወደ 97 ኪሎ ያነሳል። የኋላው አክስል 697 ኪሎ ተሸከመ ማለት ነው።

መፍትሄው ቤቱን ማሳጠር፣ የውሃ ታንከሩን፣ ባትሪውንና ጋዙን ከጋቢናው ጀርባ ማስጠጋት ነው። መብራቱን ብቻ ዝቅ ማስደረግ ችግሩን መሸፈን ነው።

ባሌስትራው ይተኛል

ጉድጓድ ላይ ከኋላ «ጓ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል) ተዘርግቶ፣ አክስሉ ከሻንሲው፣ ማለትም ከመኪናው አጽም በታች ያለውን ላስቲክ እየመታ ነው።

እዚህ ላይ ሒሳቡን እንሥራ። 2.4 ሜትር ርዝመት፣ 1.7 ወርድ፣ 1.9 ቁመት ያለው ቤት ዙሪያውን፣ ጣሪያውንና ወለሉን ጨምሮ 24 ካሬ ሜትር ያህል ላሜራ ይበላል። 1.5 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 12 ኪሎ ይመዝናል፤ ከ280 ኪሎ በላይ መጣ። 50 ሜትር ባለ 40 በ40 ቱቦላሬ ሲጨመር 400 ኪሎ ይጠጋል። ኮምፔንሳቶው፣ አልጋውና ኩሽናው 150 ኪሎ ቢሆኑ፣ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ፣ አራት ሰው 280 ኪሎ፤ ይኸው 930 ኪሎ ሞላ። ጋዙ፣ ባትሪውና ስንቁ ገና ናቸው። የዚህ መኪና አቅም ደግሞ አሥር ኩንታል ገደማ ነው፤ ተሳፋሪውም ከዚያው ላይ ይቆጠራል።

«15 ኩንታል ጤፍ ጭኜበት አውቃለሁ» የሚል አይጠፋም። ጤፉ ዝቅ ብሎ ካሶኒው ውስጥ ተቀምጦ፣ መርካቶ ሲደርስ ይራገፋል። ቤቱ ግን ከፍ ብሎ፣ ተንጠልጥሎ፣ በየኮረኮንቹ እየተናጠ ይከርማል።

ባሌስትራው ሲተኛ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ቅጠል ጨምርበት» ነው። በዚህ አልስማማም። ተጨማሪ ቅጠል መኪናውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አቅሙን አይጨምርም። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ሻንሲው የድሮዎቹ ናቸው። እንዲያውም ብዙ የቆዩ ሃይሉክሶች ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ የጭነቱን መጠን እያየ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አላቸው። ኋላው በቅጠል ከፍ ሲል ቫልቩ መኪናውን ባዶ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ከባድ ጭነት ይዞ ደካማ ፍሬን ማለት ነው። ስለዚህ ቅጠል የጨመረ ሰው ይህ ቫልቭ መስተካከሉን ሜካኒኩን ይጠይቅ።

ዋናው መፍትሄ ክብደት መቀነስ ነው። ያው ውፍረት ያለው አሉሚኒየም የብረቱን ሲሶ ያህል ነው የሚመዝነው።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይሸታል

በሱሉልታ ወጥታችሁ ወደ ጎጃም ከሄዳችሁ፣ ከጎሃ ጽዮን በኋላ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት አለ። ፔዳሉ እየላላ ወደ ታች ከወረደ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው። አዲስ ዶት 3 ዘይት የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲገባበት ወደ 140 ይወርዳል። ከጉዞ በፊት ዘይቱን ቀይሩ። ቁልቁለቱን ከመጀመሪያው በከባድ ማርሽ ውረዱ። ከሸተተ ግን ቁሙና እስኪበርድ ጠብቁ፤ ውሃ አትድፉበት።

ኩርባ ላይ ይወዛወዛል

መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ ሂዱ። ነፋሱ ሹፌሩ በር ላይ በተለጠፈው የሙሉ ጭነት ልክ ይሞላ። ጎማው ጎን ላይ ከቁጥሮቹ ቀጥሎ 112 የሚል ካለ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል፤ 104 ከሆነ 900 ብቻ። ጎማው ደህና ሆኖ መወዛወዙ ካልቆመ ሾካብዞርበሩን (ንዝረት የሚያበርደውን) አሳዩ፤ ጣሪያ ላይ የታሰረውንም ዕቃ አውርዱ።

ጋቢናና ካሶኒ መሃል ያለው ክፍተት ከላይ ይሰፋል

ይህን ካያችሁ ጉዞው ይቁም። ሻንሲው መታጠፍ ጀምሯል። ብረት ደርቦ መበየድ ስብራቱን ወደ ብየዳው ጠርዝ ያዛውረዋል እንጂ አያድንም። ቤቱን አውርዱት። ሻንሲው ይመርመር። ሻንሲው ደህና መሆኑ ሲረጋገጥ ቤቱን ከነሙሉ ዕቃው መልሳችሁ ጫኑና መኪና በሚመዘንበት ሚዛን ላይ መዝኑ፤ መጀመሪያ መኪናውን በሙሉ፣ ከዚያ የኋላ ጎማዎቹን ብቻ። ቁጥሩ ለመኪናው ከተፈቀደው ካለፈ፣ የዚያ ቤት ቦታ አይሱዙ ኤንፒአር የሚባለው የጭነት መኪና ላይ ነው።