ዲበገሩ የማያውቀውን ቺፕ ፍላሽ በእጅ መጻፍ

ዲበገሩ (ከኮምፒውተር ሆነው ቺፕን የሚቆጣጠሩበትና ፕሮግራም የሚጭኑበት መሣሪያ) «ይህ ቺፕ አይደገፍም» ሲል ሌላ መሣሪያ ለመግዛት አይቸኩሉ። ፕሮሰሰሩን አቁመው ራም ላይ አንድ ቁጥር ይጻፉና መልሰው ያንብቡት። የጻፉት ከተመለሰ ግንኙነቱ ጤነኛ ነው፤ ዲበገሩ የጎደለው ፍላሹ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ማኅደረ ትውስታ) የሚጠፋበትንና የሚጻፍበትን ቅደም ተከተል ማወቅ ብቻ ነው። ያ ደግሞ በአምራቹ መመሪያ ውስጥ አለ።

ለምሳሌ ኤስቲኤም32ኤፍ103 (STM32F103) የተባለውን ማይክሮኮንትሮለር እንውሰድ። ከታች አድራሻዎቹ በሄክሳዴሲማል፣ የሚጻፉት ዋጋዎች ግን በአስርዮሽ ናቸው።

ቺፑን ሪሴት አድርገው ወዲያው ያቁሙት። አሮጌው ፕሮግራም ዋችዶግ (ፕሮግራሙ ምላሽ ካልሰጠው ቺፑን ሪሴት የሚያደርግ ሰዓት ቆጣሪ) ካስጀመረ ሥራዎን መሀል ላይ ያቋርጥብዎታል። ከሪሴት በኋላ ለጽሕፈት የግድ የሚያስፈልገው የ8 ሜጋኸርዝ የውስጥ ሰዓትም በርቶ ይገኛል።

ፍላሹ እንዳይጻፍበት የሚከለክለውን ቁልፍ ለመክፈት በ40022004 ላይ መጀመሪያ 1164378403ን፣ ቀጥሎ 3455027627ን ይጻፉ። አንዱን ካሳሳቱ እስከሚቀጥለው ሪሴት ድረስ አይከፈትም።

አንድ ገጽ ለማጥፋት በ40022010 ላይ 2ን፣ በ40022014 ላይ የገጹን አድራሻ (ለምሳሌ 08000000)፣ ከዚያ እንደገና በ40022010 ላይ 66ን ይጻፉ። የሁኔታ ሬጅስተሩ (ሥራው የት እንደደረሰ የሚያሳየው የቺፑ መመዝገቢያ) ከ40022010 አራት ባይት ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ የመጀመሪያው (ዝቅተኛው) ቢት ዜሮ እስኪሆን ይጠብቁ።

አሁን በ40022010 ላይ 1ን አስገብተው ውሂቡን በቀጥታ ወደ ፍላሹ አድራሻ ይጻፉ፤ ነገር ግን በ16 ቢት፣ በ16 ቢት ብቻ! ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ዲበገሩ ፍጥነት ለመጨመር ብሎ 32 ቢት በአንዴ ከላከ ቺፑ የ«ባስ» (የውስጥ መገናኛ መስመር) ስሕተት ይመልሳል፣ ምንም አይጻፍም። አንዳንዱ ዲበገር ደግሞ ፍላሽን ተነባቢ ብቻ አድርጎ ስለሚቆጥረው በቅንብሩ ውስጥ ቦታውን እንደ ራም ማስመዝገብ ግድ ይላል። ከጻፉ በኋላ የሁኔታ ሬጅስተሩ 32 ካሳየ ተሳክቷል፤ 4 ከሆነ ቦታው አስቀድሞ አልጠፋም፤ 16 ከሆነ ገጹ ከጽሕፈት ተጠብቋል። ምልክቶቹ በራሳቸው አይነሡም፤ እዚያው 52 ጽፈው ያጽዷቸው።

ይህ ለጥቂት ባይት ይበቃል። ለብዙ ኪሎባይት ግን እያንዳንዱን ጽሕፈት በኬብል መላክ ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ ያንኑ ቅደም ተከተል የሚደጋግም አጭር ኮድ ራም ላይ ጭነው፣ ምንጩን፣ መድረሻውንና ብዛቱን በፕሮሰሰሩ ሬጅስተሮች ሰጥተው ቺፑ ራሱ እንዲሠራው ማድረግ ይሻላል። ኮዱ በብሬክፖይንት (ፕሮሰሰሩን በሚያቆም) ትእዛዝ ይጠናቀቅ።

በመጨረሻ ፍላሹን አንብበው ከፋይሉ ጋር ያወዳድሩ፤ ከተስማማ በ40022010 ላይ 128 ጽፈው ይቆልፉትና ሪሴት ያድርጉ።