ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ሻጩ የሚወጣው መቼ ነው? አሜሪካ ለገባችሁ የጎንደር ልጆች

ዘንድሮ ለጥምቀት ጎንደር በሰነበትኩባቸው ሁለት ሳምንታት አንዱን ጥያቄ አራት ጊዜ ተጠይቄያለሁ። በመጨረሻ የጠየቁኝ ማራኪ የሚኖሩት የእናቴ ጎረቤት ናቸው። ልጃቸው ሜሪላንድ ቤት ገዝቶ፣ ፈርሞና ከፍሎ ካበቃ በኋላ፣ ሻጩ «ትንሽ ቀን ታገሠኝ» ብሎ አልወጣም ብሎታል። «እዚያስ ሕግ የለም እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ሕጉማ አለ፤ የጠፋው ውሉን ያነበበ ሰው ነው።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከለመድነው ነገር ነው። ጎንደር ላይ ቤት ሲሸጥ ቀብድ ይሰጣል፣ ውል ይጻፋል፣ ምስክር ይፈርማል፤ ስሙ በማዘጋጃ ቤት እስኪዛወር የሚያልፈው ጊዜ ቀላል ስላልሆነ ሻጩም ዕቃውን የሚያወጣው ቀስ ብሎ ነው። «ልጆቹ ፈተና እስኪጨርሱ» ወይም «ፋሲካን እዚሁ እንዋልና» ቢል ገዢውን እንቢ እንዳይል ይሉኝታ ይይዘዋል። አሜሪካ ግን ክሎዚንግ በሚባለው ቀን ገንዘቡ ለሻጩ፣ ባለቤትነቱና ቁልፉ ለገዢው ያልፋሉ ተብሎ ነው የሚታሰበው።

ሻጩ ከክሎዚንግ በኋላ ይህን ያህል ቀን ይቆያል የሚል፣ ለአገሩ ሁሉ የሚሠራ አንድ ሕግ የለም፤ ቀኑንና ሰዓቱን የሚወስነው የፈረማችሁት ውል ነው። ውሉ ሌላ ነገር ካልጻፈ ሻጩ በአብዛኛው በዚያው በክሎዚንጉ ቀን ቤቱን ባዶ አድርጎና ጠርጎ ማስረከብ አለበት። ዝርዝሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል። በዋሽንግተን ስቴት በስፋት የሚሠራበት የውል ቅጽ ገዢው ቤቱን የሚረከበው በክሎዚንጉ ቀን 9 ፒ ኤም ላይ ነው ይላል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት እንጂ ከቀኑ 9 ሰዓት አይደለም፤ ስድስት ሰዓት ቀድሞ የጭነት መኪና ይዞ በር ያንኳኳ የአገራችንን ሰው አውቃለሁ። የኮሎራዶ ቅጽ ደግሞ የርክክቡን ቀንና ሰዓት ከማስጻፍ አልፎ፣ ሻጩ በጊዜው ካልወጣ በየቀኑ የሚከፍለውንም ያስሞላል። እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ የምዕራብ ስቴቶች ፊርማውና ክሎዚንጉ በአንድ ቀን ላይውሉ ስለሚችሉ፣ ፈርሜአለሁ ብላችሁ የተከራያችሁትን ቤት ለመልቀቅ አትቸኩሉ፤ ገንዘቡ ገብቶ ሰነዱ እስኪመዘገብ ድረስ ቤቱ የሻጩ ነው።

ሻጩ መቆየት የሚፈልግበት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የሚገዛው ቤት አልደረሰለት ይሆናል። ለዚህ ሬንት ባክ የሚባል ውል አለ፤ ሻጩ በሸጠው ቤት ውስጥ ተከራይ ሆኖ ይሰነብታል ማለት ነው። ቴክሳስ ለዚሁ የተዘጋጀ ቅጽ አላት፤ እሱም ከ90 ቀን ላልበለጠ ቆይታ ብቻ ነው። ልትኖሩበት ብላችሁ ሞርጌጅ ከወሰዳችሁ አበዳሪው አብዛኛውን ጊዜ በ60 ቀን ውስጥ እንድትገቡ ስለሚያስፈርማችሁ፣ ሻጩን ከዚያ በላይ ማቆየት ከአበዳሪያችሁ ጋር ያጣላችኋል። ኪራዩ ብዙውን ጊዜ የሚሰላው ቤቱ በቀን ከሚያስወጣችሁ ወጪ ነው፤ ብድሩ፣ ግብሩና ኢንሹራንሱ ተደምሮ በወር 3,000 ዶላር ከሆነ በቀን 100 ዶላር መጠየቅ ነውር የለበትም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ከተቃጠልኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ቤቴን ቨርጂኒያ ስገዛ ሻጩ የአገራችን ሰው፣ ያውም ያደጉት አዘዞ፣ አባቴን በስም የሚያውቁ አዛውንት ነበሩ። ከክሎዚንጉ ሁለት ቀን በፊት ደውለው «አንድ ሳምንት ብቻ ታገሠኝ፤ እኔና አንተ በወረቀት የምንነጋገር ሰዎች ነን እንዴ?» አሉኝ። ኤጀንቴ «አስጽፈው» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን የአባቴን ስም የሚጠሩ ሽማግሌ ማስፈረም ድፍረት መሰለኝ። ሳምንቱ 38 ቀን ሆነ። አፓርታማዬን ለቅቄ ስለነበር ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ዘመድ ቤዝመንት ውስጥ ተጠጋሁ፤ ዕቃዬ በኪራይ መጋዘን ተቆለፈበት፤ የመጀመሪያውን የሞርጌጅ ክፍያ ላልገባሁበት ቤት ከፈልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ቁልፉን ልቀይር ስነሳ አንድ ጠበቃ አስቆመኝ፤ ቤቱ የእኔ ቢሆንም ሰውየው የተቀመጡት በእኔ ፈቃድ ስለሆነ ያለ ፍርድ ቤት ላስወጣቸው እንደማልችል ነገረኝ። ቁልፍ መቀየርም ሆነ መብራትና ውኃ መቁረጥ በአብዛኛው ስቴት ክልክል ነው፤ ብታደርጉት ከሳሽነታችሁ ቀርቶ ተከሳሽ ትሆናላችሁ። በዚህ መሀል የልብስ ማጠቢያው ቱቦ ፈንድቶ የታችኛው ወለል ራሰ። ማን እንደሚጠግን የሚናገር ወረቀትም፣ የሚቆረጥበት ዲፖዚት፣ ማለትም የመያዣ ገንዘብም ስላልነበረ 2,400 ዶላር ከኪሴ ወጣ።

ስለዚህ የምትፈቅዱ ከሆነ ከክሎዚንጉ በፊት ይጻፍ፤ የመውጫው ቀንና ሰዓት፣ የየቀኑ ኪራይ፣ ቀኑ ሲያልፍ ከኪራዩ የሚበልጥ ቅጣት፣ ክሎዚንጉን በሚያስፈጽመው ድርጅት (ታይትል ካምፓኒ) እጅ የሚቆይ ዲፖዚት፣ ጉዳት ቢደርስ የሚከፍለው ማን እንደሆነ። ከክሎዚንግ በኋላ የምትጠይቁት ሁሉ ልመና ነው። ኢንሹራንሳችሁም ሻጩ እንደሚቆይ አስቀድሞ ይወቅ። እኔ በበኩሌ ከአንድ ሳምንት በላይ አልፈቅድም፤ ለአገሬ ልጅ ደግሞ ወረቀቱን ከሁሉ አስቀድሜ አወጣለሁ። ያን ሁሉ ገጽ በአንድ ሰዓት የሚያስፈርሙን ሰዎች አይመሰገኑም፤ ሆኖም ጎንደር ደውሎ እናቱን ለማስጨነቅ ጊዜ ያገኘ ሰው ውሉን ለማንበብ ጊዜ አጣሁ ሲል ያናድደኛል።

የመጨረሻው የቤት ፍተሻ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ በክሎዚንጉ ዋዜማ ስለሆነ፣ ሻጩ ከቆየ ከወጣ በኋላም ሁለተኛ ፍተሻ አድርጉ። ቁልፎቹን ስትቀበሉ የጋራዡን መክፈቻ አትርሱ። የእኔ ሻጭ በፖስታ የላኩልኝ ከወጡ ከ11 ቀን በኋላ ነው፤ ባትሪውም አልነበረበትም።