የአየር ንብረትንና የሕዝብ መረጃን ከዓይን ሕመም ጋር በግዙፍ ዳታ ሲያገናኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሚሊዮኖች የሕክምና መዝገብ፣ የሙቀትና የዝናብ ዳታ፣ የሕዝብ ቆጠራ በአንድ ሠንጠረዥ ሲገናኙ ዝምድና መፈለግ አያስቸግርም፤ የውሸቱም አብሮ ይበዛል። ስህተቱ በብዛት የሚገባው ሞዴሉ ከመሠራቱ በፊት፣ ሠንጠረዦቹ ሲጋጠሙ ነው።

ሕመሞቹን ሁሉ በአንድ የጊዜ ልክ መለካት

በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ (አይሲዲ-10) ኮንጀክቲቫይተስ (የዓይን ሽፋን መቅላትና መቆጣት) በኤች10፣ የእርጅና የዓይን ሞራ በኤች25፣ ትራኮማ በኤ71 ይመዘገባሉ። ሦስቱን «የዓይን ሕመም» ብሎ ደምሮ ከሙቀት ጋር ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው። የአለርጂ ኮንጀክቲቫይተስ የአበባ ብናኝ በተነሣ በሰዓታት ወይም በቀናት ይቀሰቀሳል፤ ስለዚህ ከ0 እስከ 14 ቀን ያለውን መዘግየት (በአየሩ ለውጥና በሕመሙ መካከል ያለውን ጊዜ) መፈተሽ ያስኬዳል። የዓይን ሞራ ግን የዓመታት ክምችት ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ያለፈው ወር ሙቀት ሳይሆን፣ ታካሚው በኖረባቸው ቦታዎች ለአሥርተ ዓመታት የተጋለጠበት የአልትራቫዮሌት ጨረር ግምት ነው። የቀዶ ሕክምናው ቀንም የሞራው መነሻ ቀን አይደለም፤ ያን ቀን የሚወስነው ወረፋ፣ ዘመቻ ወይም የመንገድ መከፈት ነው።

ትራኮማ ደግሞ ለብቻው ሁለት መልክ አለው። ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ልጆች የሚለካው ንቁ ትራኮማ የቅርብ ጊዜ ኢንፌክሽንን ያሳያል። በአዋቂዎች የሚታየው የሽፋሽፍት ወደ ውስጥ መታጠፍ ግን ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ለዓመታት ያከማቸው ጠባሳ ውጤት ነው፤ ካለፈው ዓመት ዝናብ ጋር ማያያዙ ትርጉም የለውም። የትራኮማ መድኃኒት የሆነው አዚትሮማይሲን (ፀረ-ባክቴሪያ) በጅምላ የታደለበት ዓመትና አካባቢ በሞዴሉ ካልገባም፣ መድኃኒቱ የቀነሰውን ሕመም ለዝናቡ ትሰጡታላችሁ።

የዕድሜ ስብጥርን መርሳት

ሁለት አካባቢዎች እያንዳንዳቸው 100,000 ሕዝብ አላቸው እንበል። በቆላው ከ60 ዓመት በላይ የሆነው 5 በመቶ፣ በደጋው 20 በመቶ ነው። ከ60 በላይ ካሉት ውስጥ በሁለቱም ቦታ 10 በመቶው ሞራ ቢኖረው፣ ቆላው 500፣ ደጋው 2,000 ታካሚ ያስመዘግባል። የአየር ንብረቱ ምንም ሳያደርግ አራት እጥፍ ልዩነት ተፈጠረ፤ «ብርድ ሞራ ያመጣል» የሚል ድምዳሜም ተወለደ። መፍትሔው ሕዝቡን በየ5 ዓመት የዕድሜ ክልልና በጾታ ከፍሎ የየክልሉን ምጣኔ ማውጣት፣ ከዚያ በአንድ መደበኛ ሕዝብ፣ ማለትም ለሁሉም ቦታ አንድ በሆነ የማነጻጸሪያ የዕድሜ ስብጥር (ለምሳሌ በዓለም ጤና ድርጅት የዓለም መደበኛ ሕዝብ) ማስተካከል ነው። «60+» ብሎ በአንድ መጠቅለል አይበቃም፤ የ62 እና የ82 ዓመት ሰው የሞራ ዕድል በእጅጉ ይለያያል።

ሙቀትን በጨረር ፋንታ መጠቀም

ሙቀት በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙዎች የፀሐይ ጨረር ምትክ ያደርጉታል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ግን አየሩ ይቀዘቅዛል፣ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በረዶ የሸፈነው መሬትም ጨረሩን ወደ ዓይን መልሶ ይልካል። ስለዚህ ጨረሩን ለብቻው አስገቡ፤ ከፍታን፣ ደመናንና ከቤት ውጭ የሚሠራበትን ሰዓትም አትርሱ።

ረድፍን እንደ ሰው መቁጠር

በዓይን ሕክምና መዝገብ አንድ ሰው በቀኝና በግራ ዓይኑ ሁለት ረድፍ ይይዛል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለክትትል ሲመለስ ሌላ ይጨመራል። በማይለወጥ የታካሚ መለያ አጣምሩ። ለአዲስ ሕመም ቆጠራ ቢያንስ 12 ወር ያለ ተመሳሳይ ምርመራ ያለፈበትን የመጀመሪያ ረድፍ ብቻ ያዙ።

የአየር ዳታውም የራሱ ወጥመድ አለው፦ ካርታው በፍርግርግ ሕዋሳት (እኩል አራት ማዕዘኖች) ስለሚከፈል፣ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ በዚያ ቀን አንድ ዓይነት ሙቀት ይሰጣቸዋል። አንድ ሚሊዮን ጉብኝት በ40 የፍርግርግ ሕዋሳት ላይ ከተመደበ፣ ሞዴሉ አንድ ሚሊዮን የተለያየ ተጋላጭነት አላየም። የስህተት ህዳጉን በአንድ ሕዋስ ያሉትን እንደ አንድ ቡድን ቆጥራችሁ ካላሰላችሁ ፒ-ዋጋው (ውጤቱ በአጋጣሚ የመገኘቱን ዕድል መለኪያ) እዚህ ግባ የማይባለውንም ልዩነት «ጉልህ» ይለዋል።

የአየር ዳታውን እንደወረደ መጠቀም

የኢአርኤ5 (ዓለም አቀፍ የአየር ሁኔታ ዳታ) ሙቀት በኬልቪን ነው፤ ወደ ሴልሺየስ ለመለወጥ 273.15 ቀንሱ። ዝናቡ በሜትር ነው፤ ሚሊሜትር ለማድረግ በ1,000 አባዙ። ሰዓቱ በዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ስለሆነ የቀን አማካይ ከማውጣታችሁ በፊት ወደ አካባቢው ሰዓት ለውጡት። የኢአርኤ5-ላንድ (የኢአርኤ5 የየብስ ዳታ) የሰዓት ዝናብ ደግሞ ከዩቲሲ 00:00 ጀምሮ እየተጠራቀመ የሚሄድ ነው። 24ቱን መደመር አንዱን ዝናብ ደጋግሞ መቁጠር ነው፤ የቀኑን ድምር የያዘው በማግስቱ 00:00 የተመዘገበው ዋጋ ነው።

ክሊኒኩን መኖሪያ ማድረግ

የክሊኒኩ ሙቀት የታካሚው ሙቀት አይደለም፤ የመኖሪያ ቀበሌ ወይም ፖስታ ኮድ ተጠቀሙ። ከባድ ዝናብ መንገድ ሲዘጋ ጉብኝት ይቀንሳል፣ ሕመሙ ግን ላይቀንስ ይችላል። ለአጣዳፊ ሕመሞች የአንዱን ታካሚ የመጣበትን ቀን በዚያው ወር ካሉት ተመሳሳይ የሳምንት ቀናት ጋር ማነጻጸር የሳምንቱንና የወቅቱን ልማድ ያስወግዳል፤ የመንገዱን መዘጋት ግን አያስወግድም። ለዚያ ከአየር ጋር ግንኙነት የሌለው ሕመም ጉብኝት አብሮ መቀነሱን እዩ።

«ከ5 በታች»ን ዜሮ ማድረግ

ለምስጢር ሲባል የተደበቁ ትንንሽ ቁጥሮች ባዶ ሆነው ሲመጡ ብዙ ፕሮግራሞች 0 ያደርጓቸዋል። የሚደበቁት በብዛት ሕዝብ በሳሳበት ስለሆነ፣ በረሃውና ከፍተኛው ተራራ «ሕመም የለበትም» ይባላል። ቁጥሩን ከ1 እስከ 4 ያለ ያልታወቀ ዋጋ አድርጋችሁ ያዙ፣ ወይም አጎራባች ቀበሌዎችን አዋህዱ።