ስሊፐር ኦርኪድ ከመግዛትዎ በፊት፦ የሰሜን ሸዋ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ኦርኪድ አይሆንም የሚል ሰው ብዙ ነው። ይሆናል። የማያዋጣው አዲስ አበባ ላይ አበባውን አይቶ፣ ተመኝቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ከመጡ በኋላ "አሁን የት ላስቀምጠው?" ማለት ነው። ስሊፐር ኦርኪድ (አበባው የጫማ አፍንጫ የሚመስለው የኦርኪድ ወገን)፣ በተለይ በቤት ውስጥ የሚያዘው ፓፊዮፔዲለም፣ በአበባው ሳይሆን በቤትዎ የሌሊት ብርድ ነው የሚመረጠው።

ቅጠሉን ሳያዩ መግዛት

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። አንዳንዱ ፓፊዮፔዲለም ቅጠሉ ዝንጉርጉር ነው፤ ጠቆር ያለውና ነጣ ያለው አረንጓዴ ተደባልቆበታል። ሌላው ወጥ አረንጓዴ ነው። ዝንጉርጉሩ ሙቀት ይወዳል፤ ሌሊት ከ16 ዲግሪ ባይወርድበት ይመረጣል። ወጥ አረንጓዴው በአመዛኙ እስከ 10 ዲግሪ ድረስ ይችላል፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ቀዝቃዛ ሌሊት ካላገኙ እምቡጥ አይቋጥሩም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚያስብለው ብርድ ኅዳርንና ታኅሣሥን ይዞ ይዘልቃል፤ ሜዳውም በውርጭ ነጥቶ ያድራል። እዚያ፣ አንኮበር ወይም መሐል ሜዳ የሚኖር ሰው ወጥ አረንጓዴውን ይግዛ። ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ኮረብታዎች የተገኘው ፓፊዮፔዲለም ኢንሲኝ የሚባለው ዝርያና ከእሱ የተዳቀሉት ለደጋ ቤት የሚስማሙ ናቸው። ጣርማ በርን አልፈው ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ የሚወርዱ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚያምርበት ዝንጉርጉሩ ነው። ሞዲዬ የሚባለው ድቅል ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን፣ እሱና መሰሎቹ ለጀማሪ እጅ ምቹ ናቸው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ አበባ ደርድረው የሚያወጡት፣ ቅጠላቸው ረጅምና ወጥ አረንጓዴ ቢሆንም፣ ሙቀት ፈላጊዎች ናቸው። ለማበብም ዓመታት ያስጠብቃሉ። የመጀመሪያ ግዢዎ እነሱ አይሁኑ።

"ከጫካ የወጣ ነው" ሲሉዎት ማመን

ስሊፐር ኦርኪድ በአፍሪካ ምድር በዱር አይበቅልም። የፓፊዮፔዲለም አገሩ ከሕንድ እስከ ደቡብ ምሥራቅ እስያና ኒው ጊኒ ነው፤ ፍራግሚፔዲየም የሚባለው ዘመዱ ደግሞ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ነው። ስለዚህ ከወፍ ዋሻ ጫካ የተነቀለ ስሊፐር ኦርኪድ የሚባል ነገር የለም። የተነቀለው ሌላ የአገራችን ኦርኪድ ከሆነ ደግሞ፣ ቦታው እዚያው ጫካው ነውና አይግዙት።

ከውጭ አስመጣለሁ የሚል ሰው ወረቀት ይጠብቀዋል። ፓፊዮፔዲለምም ፍራግሚፔዲየምም በሳይተስ (ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) አንደኛ፣ ማለትም እጅግ ጥብቅ በሆነው ዝርዝር ውስጥ ያሉ ናቸው። ከዱር የተለቀመ ለንግድ አይፈቀድም፤ በችግኝ ጣቢያ የተባዛውም ቢሆን ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ሻንጣ ውስጥ ወሽቆ ማምጣት ለተክሉም ለሰውም መዘዝ ነው።

ሥሩን ሳይፈትሹ ማንሳት

አበባው ላይ ዓይን ሲያርፍ ሥሩ ይረሳል። መትከያውን በአንድ እጅ ይያዙና ተክሉን ከቅጠሎቹ መነሻ ላይ በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ያወዛውዙት። ከወዲያ ወዲህ ከተንገዳገደ ሥር የለውም ማለት ነው፤ አበባው የቱንም ያህል ቢያምር ይመልሱት። ከአንድ በላይ ቡቃያ ያለውን ይምረጡ፤ ያበበ ቡቃያ ዳግም አያብብም፤ ቀጣዩ አበባ የሚመጣው ከጎኑ ከሚወጣው አዲስ ቡቃያ ነው። ሻጩ "ዘንጉን አይቁረጡት፣ ደግሞ ያወጣል" ካለዎት ስለ ሌላ ኦርኪድ እያወራ ነው።

ቤት ገብቶ መትከያ ሲለወጥ ደግሞ ሌላ ስህተት ይመጣል። የስሊፐር ኦርኪድ ጤነኛ ሥር ቡናማና ጠጉራም ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በስብሷል ብሎ በመቀስ ይከረክመዋል። ጫን አድርገው ይዩት፤ ጠንከር ካለ ሕያው ነው። የሞተው ላላ ይላል፣ ሲስቡት ውጫዊ ልጡ ተሞልጮ ይወጣና መሐል ላይ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። የሚቆረጠው እሱ ነው።

በአፈር መትከል

የእኛ ጥቁር አፈር ለጤፍና ለስንዴ ይሁን። ለዚህ ሥር ግን መታፈኛ ነው። የሚያስፈልገው ውኃ የሚያሳልፍና አየር የሚያስገባ፣ ነገር ግን እርጥበት የሚይዝ ቅይጥ ነው፦ የጣት ጥፍር የሚያክል የዛፍ ቅርፊት፣ ትንሽ የተከሰከሰ ከሰልና ለመንገድ ሥራ የሚወርደው ቀይ አሽ ይበቃል። ቀይ አሹን ውኃው እስኪጠራ ድረስ አጥቦ፣ ዱቄቱን ደፍቶ መጠቀም ነው። ቅርፊቱ ውሎ አድሮ ይበሰብሳል፤ ከዓመት እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለወጥ። መትከያው ሥሩን በልክ የሚይዝ ትንሽ ይሁን። "ያድጋል" ተብሎ ሰፊ ውስጥ ሲገባ መሐሉ ሳይደርቅ ይከርምና ሥሩ ይበሰብሳል።

ውኃ

ስለ ኦርኪድ የሚነገረው ምክር አብዛኛው በየአበባ መሸጫው ለሚታየው ለፋላኖፕሲስ የተባለ ነው፤ እሱ ወፍራም ሥርና ቅጠል ስላለው ትንሽ ጥም ይችላል። ስሊፐር ኦርኪድ ግን ውኃ የሚያጠራቅምበት አካል የለውም። ቅይጡ ጭልጥ ብሎ አይድረቅ፣ አይጨቅይም። ጣት አስገብቶ ማየት ከማንኛውም የጊዜ ሰሌዳ ይሻላል፤ በክረምት ጭጋግ ሳምንት የሚያቆይ ውኃ፣ በየካቲት ነፋስ አራት ቀን ላይቆይ ይችላል።

የሚጠጣው በጠዋት ነው። ማታ የተጠጣ ውኃ ቅጠሎቹ መሐል አቁሮ ሲያድር በደጋው ብርድ እምብርቱ ይበሰብሳል፤ ከገባም በሶፍት ያስወጡት። የክረምቱን ዝናብ በንጹሕ ጀሪካን ማጠራቀም የሚችል ሰው ታድሏል። ማንቆርቆሪያው ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውኃ ሥሩም ላይ ጨው ይተዋል።

ፀሐይና የቡናው ከሰል

ደጋ ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የዋህ ይመስላል፤ ግን ቅጠል ይጠብሳል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገባ መስኮት፣ ስስ መጋረጃ ተጋርዶበት፣ ተስማሚ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉን ሲዳስሱት ከሞቀ ከመስኮቱ ይራቅ። ሌሊትም ከመስታወቱ ይሽሽ፤ ውርጩ በመስታወቱ በኩል ያገኘዋል።

ብርዱን ፍራቻ ተክሉን ከከሰል ምድጃ አጠገብ የሚያስጠጉ አሉ። ከሰል ሲነድ ከሚወጡት ጋዞች አንዱ ኤትሊን ነው፤ እምቡጥ ያደርቃል፣ አበባም ያረግፋል። የበሰለ ሙዝም ይኸንኑ ጋዝ ያወጣል። ቡና ሲፈላ አበባውን ሌላ ክፍል ማስገባት ነው፤ ረከቦቱ አጠገብ ማማሩ ለፎቶ ብቻ ይሁን። እንዲህ ከተያዘ አንድ አበባ ሁለት ወር ሊቆይ ይችላል።

ዩሪያ መበተን

ማሳ ላይ የሠራ ሁሉ እዚህ አይሠራም። ዩሪያና ፍግ ሥሩን ያቃጥሉታል። በውኃ የሚሟማ የአበባ ማዳበሪያ ከተገኘ፣ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ሩብ ያህሉን፣ በሚያድግበት ወቅት በየሁለት ሳምንቱ ይስጡት። በወር አንዴ ደግሞ በንጹሕ ውኃ ብቻ ጥሩ አድርጎ ማጠብ ነው።

ለጎረቤት ቶሎ መክፈል

"እትዬ፣ ለኔም ቆንጠር አድርጊልኝ" ሲባል እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ጄራኒየም በቁራጭ በሚዳረስበት ሰፈር ደግሞ ይብሳል። ይህ ግን ከቅጠልም ከዘንግም አይጸድቅም። ስድስት ቡቃያ ሳይሞላ አይከፈል፤ ሲከፈልም ለእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ ሦስት ቡቃያ ከነሥሩ ይድረሰው። አንድ ቡቃያ ብቻውን የወሰደች ጎረቤት አበባ ለማየት ዓመታት ትጠብቃለች፣ የእርስዎም እናቱ ተክል እስኪያገግም አበባውን ያቆማል። እስከዚያ ድረስ ጄራኒየሙን ይስጧት።