«ይሄ እኮ እነ እገሌን ነው!» እና ሌሎች የስላቅ አንባቢ ስህተቶች

ሐዋሳ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት አሥር አሥራ ሁለት ሰው ቡና ይዞ በአንድ ልብ ወለድ ዙሪያ ሲቀመጥ፣ ወሬው የሚበላሽባት ደቂቃ ከሩቅ ትታወቃለች። አንዱ ወንበሩን ወደ ፊት ይስብና፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ እኮ እነ እገሌን ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል፤ የሚነበበው ሰው ነው።

መጽሐፉ የእንግሊዛዊው ደራሲ የቴሪ ፕራቸት «ጂንጎ» ነው እንበል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ፣ ዲስክወርልድ በተባለው ምናባዊ ዓለም ላይ ከተጻፉት ተከታታይ ልብ ወለዶች 21ኛው። አንክ-ሞርፖርክ በምትባለው ከተማና በክላች አገር መካከል ካለው ባሕር ሌሽፕ የምትባል ደሴት ድንገት ብቅ ትላለች። ቀድመው የሚያገኟት ከሁለቱ ወገን በሌሊት ዓሣ ሊያጠምዱ የወጡ ሁለት አባቶች ናቸው። ሁለቱም ልጃቸውን አስከትለዋል፣ ሁለቱም ደሴቷን የኛ ናት ይላሉ። እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሞ ጀልባዎቹ ሲገቡ ያየ ሰው ትዕይንቱን ለመሳል አይቸገርም። ከዚህች ጠብ ተነሥቶ አገር ለጦርነት ይሰለፋል።

ወደ መጀመሪያው ስህተት ልመለስ፤ ውይይት የሚገድለው እሱ ነውና። ደግሞ የሰነፍ ስህተት አይደለም፣ የብልህ ነው። ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ ጆሮ ከላይ ያለውን ቃል ሲያገኝ ወዲያው «ከሥሩስ ማን አለ?» ይላል። ለቅኔ ይሄ ልማድ ትክክል ነው፤ ቅኔው ኅብረ ቃል አለው፣ ኅብረ ቃሉ ሲፈታ ወርቁ ይወጣል። ስላቅ ላይ ግን ይህ ልማድ ያሳስታል። ክላችን ለአንዱ ሕዝብ፣ አንክ-ሞርፖርክን ለሌላው ከሰጣችሁ በኋላ የምታገኙት ወርቅ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ጅሎቹ እነሱ፣ የተበደልነው እኛ። ደራሲው አራት መቶ ገጽ ገደማ የደከመው ይህችን ዓረፍተ ነገር ሊስቅባት ነው፤ አንባቢው ደግሞ መደምደሚያ አድርጓት ይነሣል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች።

ፕራቸት ለክላች ከአረቡ ዓለም፣ ለአንክ-ሞርፖርክ ከድሮዋ ለንደን ብዙ መዋሱ አያከራክርም። የተዋሰው ግን ልብሱን ነው። ልብሱን አውልቆ «አገኘሁት!» ማለት የሌላ ሰው ካፖርት ይዞ ሰውየውን ያዝኩ እንደማለት ነው።

መድኃኒቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። አንድ ገጽ ቁመቱን ለሁለት ክፈሉ። በግራ የአንክ-ሞርፖርክ ሰዎች ስለ ክላች የሚሉትን፣ በቀኝ ክላቾች ስለ አንክ-ሞርፖርክ የሚሉትን ጻፉ፤ ከየወገኑ ስድስት ሰባት መስመር ይበቃል። ከዚያ ርእሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ መጽሐፉን ላላነበበ ሰው አስነብቡ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ይንገራችሁ። ግራ ከተጋባ መጽሐፉ ገብቷችኋል። «ይሄማ የነዚያ ነው» ብሎ እርግጠኛ ከሆነ ወይ ከአንድ ወገን ብቻ ለቅማችኋል፣ ወይ ሰውየው ራሱ የምዕራፉ ገጸ ባሕርይ ነው።

ስለ ምዕራፍ ካነሣን፣ መጽሐፉ ምዕራፍ የለውም። «እስከ ምዕራፍ አምስት አንብባችሁ ኑ» የሚል አስተባባሪ መጽሐፉን እንዳልገለጠ ይታወቅበታል። የማቆሚያ ቦታዎቹን ከታች እጽፋለሁ።

ሁለተኛው ከባድ ስህተት ጮክ ብሎ ማንበብ ላይ ነው። የከተማዋ መኳንንት፣ ሎርድ ረስት ቀዳሚያቸው ሆኖ፣ ጦር ሳይኖራቸው ጦርነት ይጀምራሉ። የየራሳቸውን ክፍለ ጦር ከኪሳቸው ያቋቁማሉ፣ ስለ ክብርም ይናገራሉ። የኛ አንባቢ እዚህ ጋ ሲደርስ ሳያውቀው ድምፁ ይወፍራል። ሽለላና ቀረርቶ በደማችን አለ፤ «ዘራፍ» ለማለት ግማሽ ምክንያት ይበቃናል። አንባቢው በፉከራ ዜማ ሲያወርደው አድማጩ ይሞቀዋል፣ አንዳንዱም ያጨበጭባል፤ የተሾፈበት ንግግር እዚያው ሕያው ንግግር ሆኖ ቁጭ ይላል። እንዲህ ያለውን ገጽ የውኃ መቋረጥ ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው፣ ለብ ባለና በተስተካከለ ድምፅ አንብቡት። ሳቁ የሚመጣው ከድምፁ ሳይሆን ከቃሉና ከነገሩ አለመገጣጠም ነው። በነገራችን ላይ ርእሱ ራሱ ከዜማ የመጣ ነው፤ «ጂንጎ» ጦርነት ናፋቂ የሚል የፖለቲካ ትርጉም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1878 በለንደን የሙዚቃ አዳራሾች ይቀነቀን ከነበረ ዘፈን ነው።

የሳጅን ኮሎንን ንግግር በስክሪን ሾት ቆርጦ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ፦ ተዉት። ኮሎን ክላች ምን እንደሚመስል ሳያውቅ ስለ ክላቾች ሊቅ ሆኖ የሚያስረዳ ፖሊስ ነው፤ አጠገቡ ያለው ኖቢ ደግሞ የዋህ የሚመስሉ ትንንሽ ጥያቄዎች እየጠየቀ ሊቅነቱን ክር በክር ይተረትረዋል። የኮሎንን መስመር ብቻ ከቆረጣችሁ የለጠፋችሁት ስድብ ነው። ቢያንስ የኖቢን መልስና ከመልሱ በኋላ ያለውን የኮሎንን ዝምታ ጨምሩ፤ ቀልዱ ያለው ዝምታው ውስጥ ነው።

«በአንዲት ድንጋይ አገር ይዋጋል እንዴ? አጋነነው» የሚልም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1831 ከሲሲሊ በስተደቡብ በእሳተ ገሞራ አንዲት ደሴት ከባሕር ወጥታ ነበር። እንግሊዝ ግራሃም፣ ፈረንሳይ ዡሊያ፣ የናፖሊው መንግሥት ደግሞ ፈርዲናንዴያ ብለው ሰየሟት፤ ሁሉም የኔ ናት አሉ። ዓመት እንኳ ሳይሞላት ተመልሳ ሰጠመች።

አሁን ብዙ ጎበዝ አንባቢ የሚወድቅባትን ልንገራችሁ። የክላቹ ልዑል ለጉብኝት መጥቶ በቀስት ይመታል። የከተማው ፖሊስ አዛዥ ሳም ቫይምስ ምርመራ ሲጀምር ማስረጃው ሁሉ እጅግ ጥርት ብሎ ወደ ክላች ይጠቁማል፤ አሸዋና የክላች ገንዘብ ሳይቀር። ቫይምስ አይታለልም፣ ሆን ተብሎ የተበተነ መሆኑን ያውቃል። አንባቢውም አብሮት «አዎ፣ የአንክ-ሞርፖርክ ሰዎች ራሳቸው ናቸው ያደረጉት» ብሎ ይዘጋዋል። ብዙ ውይይት «ቫይምስ ጭፍን ጥላቻ የሌለበት ጀግና ነው» ብሎ የሚያበቃው እዚህ ነው። መጽሐፉ ግን ይቀጥላል፦ የግድያ ሙከራውን ያዘዘው የልዑሉ የገዛ ወንድም፣ ልዑል ካድራም ሆኖ ይገኛል። ቫይምስ ክላቾችን ላለመጥላት ከመጣሩ የተነሣ፣ ከነሱ መካከልም ብልጥ ክፉ ሰው ሊኖር እንደሚችል አላሰበም ነበር። አንድን ሕዝብ እንደ ሞኝ በግ ማየትም ንቀት ነው፤ «እነሱ እኮ ምስኪኖች ናቸው» የምትለዋ ንግግራችን እዚህ ገጽ ላይ ተይዛለች። ይህን ጥያቄ ላልጠየቀ ውይይት ሁለት ሰዓቱ ባክኗል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ክላቻዊው 71 ሰዓት አህመድ ነው። ስሙን የቀልድ ስም ብሎ ማለፍ ስህተት ነው፣ በተለይ እንግዳ አክባሪ ነን ለምንል ሰዎች። በበረሃው ሕግ እንግዳና አስተናጋጅ ለ72 ሰዓት አይነካኩም። አህመድ የውኃ ጉድጓድ የመረዘ ሰው ገደለ፣ ግን አንድ ሰዓት ቀድሞ። የገዛ ወገኖቹ የሚፈሩት ለግድያው ሳይሆን ለዚያች አንድ ሰዓት ነው። ውይይቱ ከቀዘቀዘባችሁ «ትክክል ነበር?» ብላችሁ ጣሉት፤ ያልተነፈሰው ሁሉ ይተነፍሳል።

የግርጌ ማስታወሻዎቹን አትዝለሉ። ስልክ ላይ የሚያነብ ሰው ማስታወሻው መጨረሻ ላይ ተጠራቅሞ ይጠብቀዋል፣ እዚያ ሲደርስ ደግሞ ቀልዱ በርዷል። ቁጥሩን ስታዩ ነክታችሁ ሂዱ፣ ተመለሱ።

«ድንክ፣ ትሮልና ተኩላ የምትሆን ሴት ያለበት መጽሐፍ የልጆች ነው» ለሚል ሰው ደግሞ አጭር መልስ አለ። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮመዲያ» መድረክ ላይ ያወጣው እንስሳትን ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ግን የልጆች ነው ብሎ አላለፈውም፣ ከለከለው።

ፈጥኖ የሚያነብ ሰው የሚያመልጠው አንድ ቦታ አለ፣ የመጽሐፉ ልብም እሱ ይመስለኛል። ቫይምስ ቀጠሮ የምታስታውሰው፣ ለፍላፊ፣ የምታበሳጭ ትንሽ መሣሪያ ይይዛል። አህመድን በመርከብ ለማሳደድ ወይም ከተማው ለመቅረት በሚወስንባት ቅጽበት ጊዜ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ መሣሪያዋም የሌላኛው ቫይምስ ትሆንበታለች፤ ከተማው የቀረው የዚያኛው ቫይምስ። ከዚያ ወዲህ የምትነግረው ቀጠሮ እሱ ያለበትን ቀን አይመስልም። አንባቢ «ተበላሽታለች፣ ቀልድ ነው» ብሎ ያልፋል። መጨረሻ አካባቢ መሣሪያዋ በዚያው የቢሮ ጸሐፊ ድምፅ፣ በዚያኛው ጊዜ ከተማው ውስጥ የሞቱትን ባልደረቦቹን ስም አንድ በአንድ ትጠራለታለች። ይህን ገጽ ስታነቡ ወደ ኋላ ተመለሱና የመሣሪያዋን ንግግሮች በሙሉ በእርሳስ አስምሩ፣ በተከታታይም አንብቧቸው። ያልተደረገው ጦርነት ሙሉ ዜና መዋዕል ነው፤ የተጻፈውም በቀጠሮ መዝገብ ቋንቋ ነው።

ቫይምስ ሁለቱን ጦር ጸጥታ በማደፍረስ ሲያስር ደግሞ ስቃችሁ ብቻ አትለፉት። ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች መንገድ ዘግተው ቢደባደቡ ፖሊስ ምን ያደርጋል? ቁጥሩ ሲበዛ ክሱ የሚቀረው ለምንድን ነው?

የአንክ-ሞርፖርክን ገዥ ሎርድ ቬቲናሪንም ቶሎ «የሰላም አባት» አትበሉት። እጅ ይሰጣል፣ ካሣ ሊከፍል ይስማማል፣ ውሉ ግን ሌሽፕ ላይ እንዲፈረም ያደርጋል፤ ደሴቷ ልትሰጥም መሆኗን ቀድሞ አውቋል። መፈረሚያው ቦታ ከሌለ ውል የለም። ጦርነቱን ያስቀረው ደግነት ነው ወይስ መረጃ? ሁለቱንም የሚል ሰው ገጽ ይጥቀስ።

የማቆሚያ ቦታዎቹ፦ ለመጀመሪያው ቅዳሜ ልዑሉ እስኪመታ፣ ለሁለተኛው ቫይምስ በመርከብ እስኪወጣ፣ ለሦስተኛው እስከ መጨረሻው። ሦስተኛው ይረዝማልና ከ8 ሰዓት ጀምሩት፤ ካሮት የሚባለው የቫይምስ ፖሊስ በሁለቱ ጦር መካከል ኳስ የሚያወጣበት ገጽ ላይ ስትደርሱ ከመሸ ግማሹ ሰው ባጃጅ ፍለጋ ይነሣል።