ዱባይ ላይ የዘይቱን ማርማላታ እንዴት እንዳገኘሁ

ጓደኛዬ እርጉዝ ናት፣ ካገር ቤት የምታውቀው የዘይቱን ማርማላታ አምሯት ሁለት ሳምንት ሙሉ ዴይራ ውስጥ ያልገባሁበት ሱቅ የለም። ዘይቱን አለ ስላቸው አዎ ይሉና የወይራ ፍሬ ያመጡልኛል፣ ለካ በአረብኛ ዘይቱን ማለት ወይራ ነው፣ የኛን ዘይቱን እነሱ ጀዋፋ ነው የሚሉት፣ ማርማላታውን ደግሞ ሙረባ። ትናንት ሙረባ ጀዋፋ ብዬ ስጠይቅ ልጁ ቀጥታ የግብፅ ዕቃ ያለበት መደርደሪያ ጋ ወሰደኝ! የህንዶች ሱቅ ከሆነ አምሩድ በሏቸው። ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፣ በብዛት ያለው ነው ቀድሞ የሚጻፈው፣ ስለዚህ ፍሬው ከስኳሩ የቀደመበትን ውሰዱ። ማታውኑ አደረስኩላት፣ ክዳኑን ከፍታ ስታሸተው እንባዋ መጣ፣ ዳቦ እንኳ እስካመጣላት ሳትጠብቅ በማንኪያ ጀመረችው።