የካርዴ ዋጋ ክርክር እንዴት ቆመ

ሐረር ጁገል ውስጥ በእጄ የሠራሁትን የመልካም ምኞት ካርድ እሸጣለሁ። ያስቸገረኝ ክርክሩ ነበር። «ወረቀት አይደል እንዴ? ቀንሺ እንጂ!» ይሉኛል።

መጀመሪያ ሒሳቡን ለየሁት። ወረቀት፣ ኮላና ፖስታ 25 ብር። ሥራው 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰዓቱን በ90 ብር ሳስበው 60። ለሚሸጥልኝ ባለሱቅ 15። ድምሩን 100 ብር ብዬ ከጀርባው ጻፍኩት።

ዋናው መፍትሔ ግን ሌላ ነው። ያላለቀ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተውኩ። ቀይና አረንጓዴ ወረቀት እንደ ክር ቀጥኖ ተቆርጦ፣ የሐረሪ ስፌት ጥለት ይዞ፣ ግማሹ ተለጥፎ ግማሹ ይቀራል። ይህን ያየ ሰው ዋጋ አይከራከርም። ድካሙን ያየዋላ!

አቅሙ ለማይፈቅድ ቀለል ያለ ባለ 40 ብር አለ። ለእንቁጣጣሽ አልሠራም፤ አበባ ሥለው የሚዞሩትን ልጆች ገበያ መሻማት አልወድም።